ልጁ የማን ነው? በጋምቤላ ከቤተሰባቸው የተለዩ ሕፃናትና የእኛ ኃላፊነት

(ይህ ጽሑፍ በሬዲዮ ዝግጅታችን ለአድማጮች ከቀረበው ንግግር ለአንባቢያን እንዲመች ሆኖ የተዘጋጀ ነው።)



ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2016) ከደቡብ ሱዳን ድንበር ተሻግረው የመጡ የሙርሌ ታጣቂዎች በጋምቤላ ክልል፣ በኑዌር ዞን በሚገኙ መንደሮች ላይ ጥቃት ማድረሳቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከ200 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። ከ100 በላይ ሕፃናት ደግሞ ከተዘረፉት ከብቶች ጋር ተወስደዋል። በአገር አቀፍ ደረጃ የሐዘን ቀን ታውጆ ነበር። በቀጣዮቹ ሳምንታትና ወራት በአሥሮች የሚቆጠሩ ሕፃናት ተመልሰዋል። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. በአኙዋክ ዞን በደረሰ ተመሳሳይ ጥቃትም ሕፃናት ተወስደዋል።

ሕፃናቱ መመለሳቸውን በዜና ስንሰማ አልሐምዱ ሊላህ ብለን ወደ ሌላ ጉዳያችን ተመለስን። ይሁንና ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ብዙዎቻችን አናውቀውም። ስሙን እንኳ በቅጡ መናገር የማይችል የ3 ዓመት ሕፃን ከምርኮ ሲመለስ የማን ልጅ ነው? አባትና እናቱ በዚያው ጥቃት ተገድለው ከሆነ ለማን ይሰጣል? አጎቱ ነኝ የሚል ሰው ቢመጣ እውነተኛነቱ በምን ይታወቃል? ሌሊት በድንጋጤ እየጮኸ የሚነሳውን ልጅ ማን ያረጋጋዋል? እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ መንደር ለመንደር የሚዞረው ሰው የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ (ሶሻል ወርከር) ይባላል። በዛሬው ዝግጅታችን ስለዚህ ሥራ እንነጋገራለን። ጉዳዩ በቤታችን ልጅ የምናሳድገውን እኛንም የሚመለከት በመሆኑ እስከ መጨረሻው እንድትከታተሉን እንጠይቃለን።

በታሪካችን የምናውቀው ልጅ

በወረራ ተማርኮ ከቤተሰቡ የተለየ ሕፃን ታሪክ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዘይድ ኢብኑ ሓሪሣ (ረ.ዐ.) ከእናቱ ጋር ዘመዶቿን ለመጠየቅ በሄደበት ወቅት ፈረሰኞች ማርከው እንደ ወሰዱትና በዑካዝ ገበያ እንደ ተሸጠ በሲራ መጻሕፍት ተዘግቧል። የገዛው ሐኪም ኢብኑ ሒዛም ለአክስቱ ለኸዲጃ (ረ.ዐ.) ሰጣት። እርሷም ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰጠቻቸው። አባቱ ሓሪሣ ልጁን ሲፈልግ ኖሮ በመጨረሻ ያለበትን ሰማና ከወንድሙ ጋር የቤዛ ገንዘብ ይዞ ወደ መካ መጣ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ምርጫውን ለዘይድ ሰጡት። ዘይድ እርሳቸው ዘንድ መቅረትን መረጠ። ከዚያ በኋላ በእርሳቸው ስም ይጠራ ጀመር። የአሕዛብ ምዕራፍ ሕግ ከወረደ በኋላ ግን እንደገና የአባቱን ስም ይዞ ዘይድ ኢብኑ ሓሪሣ ተባለ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ዛሬ የሙያው ሰዎች ከሚያስተምሯቸው ነገሮች ሦስቱን እናገኛለን። ልጁን የሚፈልግ ቤተሰብ አለ። ልጁ ራሱ ይጠየቃል። የአባቱ ስምም ይጠበቅለታል። የቀረው የዛሬው ንግግራችን እነዚህን ሦስት ነጥቦች የሚያብራራ ነው።

አገሩና ሕዝቡ

ጋምቤላ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በባሮ ወንዝ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። ክልሉ አኙዋክ፣ ኑዌር፣ መዠንግር፣ ኦፖና ኮሞ የተባሉ አምስት ነባር ብሔረሰቦች አሉት። ከእነርሱም ሌላ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች ሄደው የሰፈሩ በርካታ ወገኖች ይኖሩበታል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የክልሉ ነዋሪ ከ300 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን፣ ሙስሊሞች ከ100 ሰው 5 ያህሉ ነበሩ። ከዚህ በተጨማሪ በኩሌ፣ በቴርኪዲ፣ በጀዊ፣ በንጉኝዬል፣ በፑኝዶና በሌሎች መጠለያዎች በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች አሉ። ከእነዚህም መካከል ብዙ ሺህ ሕፃናት ያለ ወላጅ ድንበር የተሻገሩ ናቸው።

ይህን አገር የማያውቅ ሠራተኛ በቅን ልቦና ቢሄድም ብዙም አይረዳም። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው የዝናብ ወቅት ባሮና አኮቦ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። መኪና የሚሄድበት መንገድ ይቋረጥና ጀልባ ያስፈልጋል። የኑዌር ቤተሰብ በበጋ ከብቱን ይዞ ወደ ወንዝ ዳር ይወርዳል። በክረምት ደግሞ ወደ ከፍታው መንደሩ ይመለሳል። በመጋቢት ወር መንደር ድረስ ሄዶ ሰው አጥቶ የተመለሰ ሠራተኛ «ቤተሰቡ ጠፍቷል» ብሎ ቢጽፍ ስሕተቱ የራሱ ነው። ቤተሰቡ ያለው ከብት ማደሪያው ጋ ነውና። አኙዋክ ደግሞ በወንዞች ዳርቻ በቆሎና ማሽላ እየዘራ፣ ዓሣ እያጠመደ በመንደር ተሰባስቦ ይኖራል። መዠንግር በጎደሬና በመንገሺ ደን ውስጥ ተራርቆ የሚኖር፣ ቀፎ የሚሰቅል ሕዝብ ነው። የሦስቱም የቤተሰብ አኗኗር የተለያየ ነው። ስለዚህ በአንድ ቅጽ ለሁሉም እኩል መሥራት አይቻልም።

ሌላም መታሰብ ያለበት ነገር አለ። በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. በጋምቤላ ከተማ በደረሰው ግድያ በመቶዎች የሚቆጠሩ አኙዋኮች አልቀዋል። ብዙ ሺዎችም ድንበር ተሻግረው ወደ ፖቻላ ተሰደዋል። ይህን ያሳለፈ ቤተሰብ ደብተርና ብዕር ይዞ የልጆቹን ስምና ዕድሜ የሚጠይቅ እንግዳ ሰው ቢፈራ አያስገርምም። አመኔታ በአንድ ቀን ጉብኝት አይገኝም። ከአገሩ ተወላጆች መካከል ሰዎችን መርጦ ማሠልጠን የሚያስፈልገውም ከቋንቋው በተጨማሪ በዚህ ምክንያት ነው።

ስም እንደ ካርታ

ከቤተሰቡ የተለየ ሕፃን ሲገኝ የመጀመሪያው ሥራ ማረጋጋት ነው። ምግብ፣ ውኃ፣ ሕክምና፣ የሚተኛበት ቦታና ቋንቋውን የሚናገር ሰው ያስፈልገዋል። ከዚህ በኋላ ጥያቄ ይከተላል። ጥያቄው ግን እንደ ፖሊስ ምርመራ ሊሆን አይገባም። ሕፃን ልጅ «ወረዳህ የት ነው?» ቢባል አያውቅም። «እናትህ አንተን ምን እያለች ትጠራህ ነበር? አያትህ ማን ይባላሉ? ውኃ የምትቀዱት ከወንዝ ነበር ወይስ ከኩሬ? የምትጠብቀው ጥጃ መልኩ ምን ዓይነት ነበር?» ቢባል ግን ሊመልስ ይችላል። ኑዌሮች የከብትን መልክ የሚገልጹባቸው ቃላት እጅግ ብዙ ስለሆኑ አንድ ልጅ የነገራቸው የአንዲት ላም መልክ አንድን ቤተሰብ ሊጠቁም ይችላል።

ስሙ ራሱ ብዙ ይናገራል። በኑዌር ዘንድ የልጁ ስም ከአባቱ፣ ከአያቱና ከቅድመ አያቱ ስም ጋር ሲቆጠር ወደ ጎሳው ይደርሳል። «ኛ» ብሎ የሚጀምር ስም አብዛኛውን ጊዜ የሴት ነው። በአኙዋክ ዘንድ ኦኬሎ የተባለ ወንድ ወይም አኬሎ የተባለች ሴት ከመንትዮች ቀጥሎ የተወለዱ መሆናቸው ይታወቃል። እንግዲህ ይህን የሚያውቅ ሠራተኛ አኬሎ የምትባል ሕፃን ሲያገኝ «መንትያ ታላላቆች ያሉት ቤት የትኛው ነው?» ብሎ ፍለጋውን ይጀምራል።

ይህን ስም በሌላ ስም የለወጠ ሰው ምን እንዳደረገ እናስተውል። አንዳንዶቻችን የልጁ ስም ለአፋችን ስለከበደን ብቻ በቀላሉ የምንጠራውን ስም እንሰጠዋለን። በእኛ ዘንድ ይህ የፍቅር ምልክት ነው። ነገር ግን ከ5 ዓመት በኋላ አጎቱ በከተማው እየዞረ የቀድሞ ስሙን ቢጠራ የሚመልስለት አያገኝም። ልጁም ራሱ ረስቶታል። ወደ ቤቱ የሚወስደውን መንገድ ያጠፋንበት እኛ ነን።

ፍለጋው እንዴት ይካሄዳል?

የተሰበሰበው መረጃ በጽሑፍ ከተመዘገበ በኋላ ፍለጋው ይጀመራል። የቀበሌ አስተዳደር፣ የጎሳ ሽማግሌዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ በመጠለያዎች ያሉ የስደተኛ ኮሚቴዎች ይጠየቃሉ። ቤተሰቦች ድንበር ለድንበር ተበታትነው በሚገኙበት ጊዜ የቀይ መስቀል ማኅበር በስልክና በመልእክት የማፈላለግ አገልግሎት ይሰጣል። የኑዌር ሕዝብ በድንበሩ ግራና ቀኝ የሚኖር በመሆኑ የአንድ ልጅ አክስት ኢታንግ፣ አጎቱ ናስር፣ አያቱ መጠለያ ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ።

ዘመድ ነኝ የሚል ሰው ሲገኝ ወዲያው ልጁን ማስረከብ ትልቅ ስሕተት ነው። ሰውየው ስለ ልጁ የሚያውቀውና ልጁ ስለ ቤተሰቡ የተናገረው ለየብቻ ተጠይቆ ይነጻጸራል። በሰውነቱ ላይ ያለ ጠባሳ፣ የእናቱ የቤት ስም፣ የሞተ ወንድም ካለ እርሱ ይጠየቃል። ልጁም ከሰውየው ጋር ሲገናኝ የሚያሳየው ሁኔታ ይታያል። አቅሙ በፈቀደ መጠን ፍላጎቱ ይጠየቃል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ሕፃናት ለጉልበት ሥራ ወይም ለሌላ መጥፎ ዓላማ እንዳይወሰዱ ነው።

ወላጆቹ በሕይወት ከሌሉ የዘመዶች ጉባኤ ይጠራል። በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ በሽማግሌ መመካከር በጋምቤላም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል የቆየ ልማድ ነው። ኒውዚላንድ ይህንኑ የመሰለውን የማኦሪ ሕዝብ ልማድ መሠረት በማድረግ በ1989 እ.ኤ.አ. የቤተሰብ ጉባኤን በሕግ ደንግጋለች። በጉባኤው ላይ የሠራተኛው ድርሻ ማዳመጥ፣ የልጁን ጥቅም ማስታወስና የተስማሙበትን መመዝገብ ነው።

ልጁ ከተሰጠ በኋላም ሥራው አያበቃም። አምስት የልጅ ልጆችን ይዛ የተቀመጠች አያት ስድስተኛ ሲጨመርባት መልካም ፈቃዷ ብቻ አያበላቸውም። የሚደገፈው ቤቱ በሙሉ መሆን አለበት። ለአንዱ ልጅ ብቻ ልብስና ደብተር ቢሰጥ በልጆቹ መካከል ቅናት ይገባል። ለአያቲቱ ፍየሎች ወይም ዘር፣ ለሁሉም ልጆች ደብተር መስጠት የበለጠ ይጠቅማል። እውነቱን ለመናገር ዘመድ ሁሉ ደግ አይደለም። የሙት ልጅን ከትምህርት አስቀርቶ ከብት የሚያስጠብቅ አለ። ሴቷን ልጅ ለጥሎሽ ከብት ሲል ያለ ዕድሜዋ የሚድር አለ። ይህ የጋምቤላ ብቻ ችግር አይደለም፣ በእኛም መካከል የየቲምን ገንዘብ የሚበላ ዘመድ አለና። ስለዚህ ሠራተኛው በየጊዜው ተመልሶ ልጁን ለብቻው ማነጋገር ይኖርበታል። በጎርፍና በጸጥታ ችግር መንገድ ሲዘጋ የሚቋረጠው፣ ጉዳትም የሚያስከትለው ይህ ክትትል ነው።

ከሌሎች አገሮች የምንማረው

«ልጁን ከዚያ ድህነት አውጥቶ ከተማ ውስጥ በጥሩ ማሳደጊያ ማኖር አይሻልም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ይህ ሐሳብ በሌሎች አገሮች በሰፊው ተሞክሯል። በአውስትራሊያ መንግሥትና ሚሲዮኖች ለአሥርት ዓመታት የነባር ሕዝቦችን ልጆች ከወላጆቻቸው እየወሰዱ በማሳደጊያና በነጮች ቤት አሳድገዋል። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣ አገር አቀፍ ሪፖርት ከ1910 እስከ 1970 ባለው ጊዜ ከ10 ልጆች አንዱ፣ በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ከ3 ልጆች አንዱ ሳይወሰድ እንዳልቀረ ገልጿል። የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቪን ራድ በየካቲት 2008 እ.ኤ.አ. በፓርላማ ይቅርታ ጠይቀዋል። በካናዳም ወደ 150 ሺህ የሚሆኑ የነባር ሕዝቦች ልጆች በአዳሪ ትምህርት ቤቶች እንዲያልፉ ተደርጓል። መንግሥት በዚያው በ2008 እ.ኤ.አ. ይቅርታ ጠይቋል። ከወሰዷቸው ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ደግ ሥራ የሠሩ ይመስላቸው ነበር። አሜሪካ በ1978 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የነባር ሕዝብ ልጅ ለሌላ ከመሰጠቱ በፊት ዘመዶቹ፣ ቀጥሎም የጎሳው አባላት እንዲቀድሙ ወስናለች።

የራሳችንም ምድር ትምህርት አላት። ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ከ10 ሺህ በላይ ያለ ወላጅ የመጡ ወንድ ልጆች በጋምቤላ ክልል በፑኝዶ መጠለያ ይኖሩ ነበር። በቡድን በቡድን ተከፍለው በጥቂት ዐዋቂዎችና መምህራን ሥር ይተዳደሩ ነበር። በ1991 እ.ኤ.አ. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ጊሎ ወንዝን ተሻግረው ሲሸሹ ብዙዎቹ በወንዙና በጥይት አለቁ። የተረፉት ኬንያ ደረሱ። ከእነርሱም ከ3 ሺህ በላይ የሚሆኑት በኋላ አሜሪካ ገቡ። ከመካከላቸው የእናታቸውን ድምፅ በስልክ ለመስማት ከአሥር ዓመት በላይ የጠበቁ አሉ። ምግብና ትምህርት ያገኘ ልጅ ሁሉ ቤተሰብ አገኘ ማለት አይደለም።

የአገራችን ሕግም ይህን መንገድ ይከተላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ተደንግጓል። በ2001 ዓ.ም. በሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር የወጣው የሕፃናት አማራጭ እንክብካቤ መመሪያ ዘመድንና ማኅበረሰብን በቅድሚያ አስቀምጦ፣ ማሳደጊያ ተቋምን የመጨረሻ አማራጭ አድርጎታል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ለውጭ አገር ዜጎች በጉዲፈቻ መስጠት ተከልክሏል። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በስደተኛ መጠለያዎች የሚወለዱ ሕፃናትም በሕግ መመዝገብ ጀምረዋል።

የእኛ ቤት

ውድ አንባቢያን፣ በጋምቤላ ከተማም ሆነ በሌሎች ከተሞች ከገጠር የመጣ ልጅ በየቤታችን አለ። አንዱን ለመርዳት ብለን አስጠግተነዋል። ሌላዋን «ትማር» ተብሎ በደላላ ወይም በመንገደኛ እጅ ተቀብለናታል። በእውነት የሚማሩ አሉ። የሌላው ልጅ ሲማር ምጣድ የሚጥዱና ውኃ የሚቀዱ ግን ይበዛሉ። አላህ የሚያየውን ጉዳይ ከራሳችን መደበቅ አንችልም።

በዲናችን የቲምን ማሳደግ (ከፋላ) ትልቅ ምንዳ ያለው ሥራ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው የቲም ሆነው በአያታቸው በዐብዱል ሙጦሊብ፣ ከዚያም በአጎታቸው በአቡ ጧሊብ ነው ያደጉት። ከፋላ ከጉዲፈቻ የሚለየው ልጁ የአባቱን ስምና የዘር ሐረጉን ይዞ በማደጉ ነው። አሳዳጊው ቢፈልግ ከንብረቱ እስከ ሢሶ በኑዛዜ ሊሰጠው ይችላል፣ የአባቱን ስም ግን አይነጥቀውም። በ1989 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 20 ከፋላን በስሙ ጠርቶ ከእንክብካቤ ዓይነቶች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል። ይኸው አንቀጽ የልጁ ብሔር፣ ሃይማኖት፣ ባህልና ቋንቋ ግምት ውስጥ እንዲገባ ያዛል። በጋምቤላ አብዛኛው ሕዝብ ክርስቲያን ስለሆነ ይህ ነጥብ በቀጥታ ይመለከተናል። የሕፃንን ረሃብና ብቸኝነት ምክንያት አድርጎ ሃይማኖቱን መለወጥ ኢስላም ከከለከለው ማስገደድ የራቀ አይደለም። የእኛ ልጅ ጠፍቶ ከዓመታት በኋላ ስሙና ዲኑ ተለውጦ ብናገኘው የሚሰማንን እናስብ።

ስለዚህ በተግባር ልናደርገው የምንችለውን እንዘርዝር።

አንደኛ፣ ከቤተሰቡ የጠፋ ልጅ ስናገኝ አብልተንና አረጋግተን በዚያው ቀን ለቀበሌ፣ ለፖሊስ ወይም ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት እናስታውቅ። ስደተኛ ከሆነ ለስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት እናሳውቅ። ልጁን ከተገኘበት አካባቢ ወደ ሌላ ከተማ አንውሰድ።

ሁለተኛ፣ ስሙን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም፣ የመጣበትን ቦታ፣ የተገኘበትን ቀን በወረቀት እንጻፍ። የለበሰውን ልብስና በእጁ ያለውን ጨሌ አንጣል። እናቱ በእርሱ ልታውቀው ትችላለች።

ሦስተኛ፣ ቀድሞውኑ በቤታችን የሚኖር ልጅ ካለ ቁጭ ብለን እንጠይቀው። ማን ነው? ዘመዶቹ የት ናቸው? ስልክ ካላቸው ያነጋግራቸው። በቋንቋው የሚያወራው ሰው ይኑረው። ከልጆቻችን ጋር እኩል ይማር።

አራተኛ፣ ሰደቃችንን ስናስብ ልጁን ወደ እኛ ከማምጣት በፊት በመንደሩ ሆና የምታሳድገውን አክስት ወይም አያት መርዳት ይቻል እንደሆነ እንጠይቅ። በአንድ ማሳደጊያ አንድ ልጅ የሚያኖረው ገንዘብ በገጠር አንድ ቤት ሙሉ ሊያቆም ይችላል።

አምስተኛ፣ ለልጆቻችን የሙያ ምርጫ ስንመክር ይህን ሥራ አንርሳ። በአገራችን የማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት ቤት በ1959 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ በደርግ ዘመን ተዘግቶ ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደገና የተጀመረው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። በእነዚያ የተዘጉ ዓመታት ሊሠለጥን የሚገባው ትውልድ ሳይሠለጥን አልፏል። በጀልባ ተሻግሮ፣ በጭቃ ሄዶ የአንድን ሕፃን አጎት የሚፈልግ ሰው ዛሬም ያስፈልጋል።

ወደ ተነሳንበት ጥያቄ እንመለስ። ልጁ የማን ነው? የአባቱና የእናቱ ነው። እነርሱ ከሌሉ የወገኖቹ ነው። ወገኖቹ እስኪገኙ ደግሞ በእጃችን ያለ አደራ ነው። ዛሬ ማታ በየቤታችን እራት ሲቀርብ ከማዕዱ ጥግ የተቀመጠውን ልጅ የአያቱን ስም እንጠይቀው። ካላወቅነው ፍለጋው ከዚያ ይጀምራል።

አላህ የአደራ ጠባቂዎች ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።